ሊቅን እንዴት እንጠይቅ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዓል በመጣ ቍጥር ለንግግር የሚነሣ ተማሪ ስለ ትምህርት ጥቅም መናገሩ የተለመደ ነው። ትምህርት ብርሃን፣ ድንቍርናም ጨለማ መሆኑ ከዚህ መድረክ ላይ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ እውነትም ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ነገር፣ ስለ ጥያቄ ነው። በክፍላችን ያቋቋምነው የሳይንስ ክበብ በዚህ ዓመት ስለ ተፈጥሮና ስለ አእምሮ የሚያውቁ ሰዎችን እየፈለገ ሲያነጋግር ቆይቷል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ከመጽሐፍ የተማሩ፣ አንዳንዶቹም ከእጃቸው ሥራ የተማሩ ናቸው። ከእነርሱ የሰማነውንና በመጻሕፍት ያገኘነውን አንድ ላይ አድርገን እናቀርባለን። የውጭ አገር ታሪክም ስለምናነሣ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ያለዚያ አድማጭ በሁለት አቈጣጠር መካከል ሲመላለስ ይደክማል።

በአገራችን ሊቅን መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። ነጋዴው ታምሪን የሰሎሞንን ጥበብ ተመልክቶ ሲመለስ ለንግሥተ ሳባ ያየውን ሁሉ ነገራት፤ እርሷም ወሬውን ሰምታ በማድነቅ ብቻ ቤቷ አልተቀመጠችም። ያን ሁሉ መንገድ የተጓዘችው በከባድ ጥያቄ ልትፈትነው ነው። ግመሎቿ ሽቶና ወርቅ ተጭነው ነበር፤ እርሷ ግን ጥያቄዋን ይዛ ነበር። በጥንቱ ትምህርት ቤትም መምህሩ መጽሐፉን ሲተረጕሙ አንዱን ፍች ሰጥተው «አንድም» ብለው ሌላውን ያስከትላሉ፤ በቅኔ ቤትም ተማሪ ከተማሪ ይከራከራል። ይህ ሁሉ ሳለ፣ ታላቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፍቶ መስማት የጨዋ ልጅ ምልክት ነው እየተባለ ስለሚያድግ፣ አንድ እንግዳ ሙሉ ሰዓት ተናግሮ ሲጨርስና «ጥያቄ ያለው?» ሲባል አዳራሹ ጸጥ ይላል። ኋላ አንድ ደፋር ይነሣና እንግዳውን ያመሰግናል። ጥያቄው የሚወጣው በመንገድ ላይ፣ ወደ ቤት ሲሄዱ፣ መልሱን ከማያውቅ ጓደኛ ጋር ነው።

እንግዲህ ክበባችን ሲቋቋም ያሰበው ይህን የመንገድ ላይ ጥያቄ ወደ አዳራሹ መልሶ ለማምጣት ነው። ነገር ግን መጠየቅም የራሱ ሥርዐት አለው። ሰው ለማነጋገር ከመነሣታችን በፊት የሳይንስ መምህራችን የአንድ ፈረስ ታሪክ ነገሩን። በበዓል ንግግር ውስጥ ፈረስ ማስገባታችን እንዳያስቃችሁ።

በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ዊልሄልም ፎን ኦስተን የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ሐንስ የተባለ ፈረስ ነበራቸው። ፈረሱን እንደ ተማሪ አቁመው ሒሳብ አስተማሩት። «ሦስትና አራት ሲደመር ስንት ነው?» ሲሉት መሬቱን በኮቴው ሰባት ጊዜ ይመታል። ከተማው በሙሉ ተደነቀ። በ1904 የሊቃውንት ጉባኤ ተሰብስቦ ቢመረምር ምንም ተንኰል አላገኘም፤ ሽማግሌው መምህርም አታላይ አልነበሩም። ከዚያ በኋላ ኦስካር ፕፉንግስት የሚባል ተመራማሪ አንድ ቀላል ነገር አሰበ፤ ጠያቂው ራሱ መልሱን ባያውቅስ? በዚህ አኳኋን ሲሞከር ፈረሱ መሳሳት ጀመረ። ጠያቂውን እንዳያይ ሲጋረድበትም እንዲሁ ተሳሳተ። ፕፉንግስት በ1907 ባሳተመው ጥናት ምሥጢሩን ገለጠ፤ የኮቴው ምት ወደ ትክክለኛው ቍጥር ሲደርስ ጠያቂው ሳይታወቀው ራሱን በጥቂቱ ቀና ያደርግ ነበር፤ ፈረሱም ይህን እያየ ያቆም ነበር። ሐንስ ሒሳብ አያውቅም ነበር። የሰውን ፊት ማንበብ ግን ያውቅ ነበር፤ ይህም ለአንድ ፈረስ ትንሽ ዕውቀት አይደለም።

መምህራችን ይህን የነገሩን ለሣቅ አልነበረም። ጠያቂ የሚፈልገውን መልስ በጥያቄው ውስጥ ካስቀመጠ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው። በተለይም በአገራችን ሰው እንግዳውን ማሳፈር ስለማይወድ «እንዲህ ነው፣ አይደለም ወይ?» ሲሉት «አዎን፣ ነው» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ አስቀድመን በደብተር ጻፍነው፤ «አይደለም ወይ» የሚል ያለበትን ሁሉ ሰረዝን።

መጀመሪያ የሄድነው ከከተማው ውጭ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ተጕዘን ወደ አንድ ንብ አናቢ አዛውንት ዘንድ ነው። በግቢያቸው የተሰቀሉት ቀፎዎች ከሃያ ይበልጣሉ። «አባታችን፣ አውራው በቀፎው ውስጥ ሥራው ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «አውራ ከሌለ ቤት የለም» አሉ። «አውራው የጠፋ እንደ ሆነ የንቦቹ ድምፅ ይለወጣል። ጆሮዬን ወደ ቀፎው ባስጠጋ አውቀዋለሁ።» ከእኛ አንዱ በመጽሐፍ እንዳነበብነው አውራው እንስት መሆኗን፣ ዕንቍላል የምትጥለውም እርሷ ብቻ መሆኗን፣ በደኅናው ወራት በቀን ከ1,000 በላይ እንደምትጥል ነገራቸው። አዛውንቱ ሣቁና፣ «ወንድ ነው ያልኋችሁ መቼ ነው? አውራ ማለት ዋና ማለት ነው። አውራ ጣትህ ወንድ ነው እንዴ?» አሉት።

ይህ መልስ ብዙ ነገር አሳሰበን። ታላቁ ሊቅ አርስጣጣሊስ የንቦቹን አለቃ ንጉሥ ብሎ ጽፎት ነበር። አንዳንድ ሰዎች እናት እንደሚሏት ሰምቶ ይህንኑም ጠቅሷል፤ ሆኖም ንጉሥ የሚለው ስም በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ ኖረ። የሆላንዱ ሊቅ ያን ስዋመርዳም በ1600ዎቹ ውስጥ «ንጉሡን» ሰንጥቆ በማይክሮስኮፕ ቢመለከት የዕንቍላል ከረጢት አገኘ። በሌላ አገር ስለ ስሙ ይህን ያህል ክርክር ሲደረግ፣ የእኛው አዛውንት ስሙ ሳያስቸግራቸው ሥራውን ይዘው ኖረዋል።

ከዚያም እርሳቸው በተራቸው ጠየቁን። «አንዲት ንብ የነደፈችህ እንደ ሆነ ሌሎቹ ደግሞ ወደዚያችው ወደ ተነደፈችው ቦታ የሚመጡት ለምንድን ነው?» መልሱን ያገኘነው በኋላ በቤተ መጻሕፍት ነው። ንብ ስትነድፍ ከመንደፊያዋ የሚወጣ ሽታ አለ፤ ይህም ሽታ ለሌሎቹ የጦር ጥሪ ነው። ጭስ ይህን ሽታ ይሸፍነዋል። አዛውንቱ የተነደፉበትን ቦታ ወዲያው በጭስ የሚያጥኑት ለዚህ ኖሯል። የሽታውን ስም ባያውቁም የሚሠራውን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ይህን የምንናገረው ነገሩ የሚመለከታቸው እናት ፈቅደውልን ነው፤ የልጃቸውን ስም ግን አንጠራም።

በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ቀን ጧት ለሰንደቅ ዓላማ በተሰለፍንበት ሰዓት ከታች ክፍል አንድ ልጅ በድንገት ወደቀ። ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፤ ከአፉም ዐረፋ ወጣ። አንዱ «ክብሪት! ክብሪት አሽትቱት!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «አትንኩት፤ ለሐጩ ይጋባል!» አለ። አንድ መምህር ሮጠው ደርሰው ኮታቸውን አውልቀው ከራሱ በታች አደረጉለት። ልጁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነቃና ደክሞት ወደ ቤቱ ተወሰደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቀረ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ሆነ። በክፍሉም አግዳሚ ወንበር ላይ ከእርሱ ጐን ይቀመጥ የነበረው ተማሪ በወላጆቹ ጥያቄ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ።

ክበባችን ተሰብስቦ ተነጋገረና ስለ አእምሮና ስለ ነርቭ በሽታዎች የተማሩ አንድ ሐኪም ወደ ትምህርት ቤታችን መጥተው እንዲያነጋግሩን ለመነ። ወላጆችም ተጠሩ። የልጁ እናት መጥተው በበሩ አጠገብ፣ ከሁሉ ኋላ ተቀመጡ።

ሐኪሙ ስለ አንጎል ሲያስረዱ ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አላወቅንም። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች አሉት፤ እነዚህም እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክትና በልዩ ልዩ ቅመሞች ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር (ከፈረሱ ጋር ስም እንጂ ሌላ ዝምድና የለውም) በ1924 ከሰው ራስ ላይ ይህን ኤሌክትሪክ በመሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝግቦ በ1929 አሳተመው። የሚጥል በሽታ የሚባለውም እነዚህ ሴሎች በብዛት በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሲተኵሱ የሚመጣ ነው። በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ አለባቸው።

ጥያቄ በተፈቀደ ጊዜ በደብተር የጻፍናቸውን አነበብን።

«በሽታው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ወይስ አይተላለፍም?» አይተላለፍም፤ በለሐጭም፣ በትንፋሽም፣ በመንካትም አይተላለፍም ብለው መለሱ።

«ክብሪት ሲያሸቱት የሚያቆመው ለምንድን ነው?» ሐኪሙ ፈገግ አሉ። «አብዛኛው መንዘፍዘፍ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል። ክብሪት ተፈልጎ እስኪመጣና እስኪጫር ድረስ ጊዜው ይደርሳል። ያዳነው ክብሪቱ ይመስላችኋል» አሉ። በዚህ ጊዜ የሳይንስ መምህራችንን አየናቸው፤ እርሳቸውም ስለ ፈረሱ ማሰባቸው ከፊታቸው ይታወቅ ነበር።

«ሰው በፊታችን ቢወድቅ ምን እናድርግ?» ለዚህ የሰጡትን መልስ ወላጆች ሁሉ እንድትሰሙት እዚህ ላይ እንደግመዋለን። የሚያቆስለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፤ ከራሱ በታች ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ በጐኑ አስተኙት፤ በአፉ ውስጥ ማንኪያም፣ እንጨትም፣ ጣትም አታግቡ፤ በጕልበት አትያዙት፤ ሰዓት ተመልከቱ። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከተነሣበት ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መድኃኒትም አለው። ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ዋጋው ርካሽ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የተገኙ ሌሎችም አሉ። መድኃኒቱን በሚገባ ቢወስዱ ከመቶ ሰባ የሚሆኑት ሕመምተኞች ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ። ደኅና ሆንሁ ብሎ ሐኪም ሳያማክሩ በድንገት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

ስብሰባው ሊፈጸም ሲል በበሩ አጠገብ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። እንዲህም አሉ፤

«ዶክቶር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ አልተማርሁም። ልጄ ሲወድቅ ዐይኑ ተከፍቶ ወደ እኔ ያያል። ብጠራው አይሰማኝም። ዐይኑ አለ፣ እሱ ግን የለም። ኋላ ይነቃና እማዬ ይለኛል። በዚያ መካከል ልጄ የት ሄዶ ነው?»

በአዳራሹ ውስጥ የተነፈሰ ሰው አልነበረም። በደብተራችን ከሠላሳ በላይ ጥያቄ ተጽፎ ነበር፤ ይህን የሚስተካከል ግን አልነበረም። ሐኪሙ ወዲያው አልመለሱም። በጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ጥቂት አሰቡ።

«እናቴ» አሉ፤ «የጥያቄዎን ግማሽ ልመልስልዎ እችላለሁ። የቅዳሜን ገበያ ያስቡ። አንዱ በርበሬ ያስመዝናል፣ አንዱ በግ ይከራከራል፣ አንዱ ዘመዱን አግኝቶ ይሳሳማል፤ ሁሉም የራሱን ጨዋታ ይዟል። ገበያው ገበያ የሚሆነው በዚህ ነው። አሁን ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ አንድ ዐይነት ጩኸት ቢጮህ ምን ይሆናል? ገበያው አለ፣ ሰዎቹም አሉ፤ ጨዋታው ብቻ ጠፋ። ልጅዎ የትም አልሄደም። ጩኸቱ ሲበርድ ጨዋታው ይመለሳል፤ እማዬ ያለዎትም ለዚህ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ የሴሎች ጨዋታ ውስጥ እማዬ የሚል አንድ ልጅ እንዴት እንደሚነሣ የጠየቁኝ እንደ ሆነ፣ ይህን እኔም አላውቀውም። ከመምህሮቼም ያወቀው አልነበረም።»

እናትዮዋ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀመጡ።

ከዚህ በኋላ በቤተ መጻሕፍት ስንፈልግ ይህን የመሰለ ጥያቄ የጠየቀች አንዲት ልዕልት አገኘን። ስሟ ኤልሳቤጥ ነው፤ አባቷ የቦሄሚያን ዘውድ ካጣ በኋላ ቤተ ሰቧ በስደት በሆላንድ አገር በሄግ ይኖር ነበር። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ከታወቁት ፈላስፎች አንዱ የነበረው ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት፣ ነፍስና ሥጋ ፈጽሞ የተለያዩ ሁለት ነገሮች ናቸው፣ ሥጋ ቦታ ይይዛል፣ ነፍስ ግን ቦታ አትይዝም ብሎ አስተምሮ ነበር። ኤልሳቤጥ በግንቦት 1643፣ ዕድሜዋ 24 ዓመት ሳለ፣ ደብዳቤ ጻፈችለት። የጥያቄዋ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ አንዱ ነገር ሌላውን የሚያንቀሳቅሰው ገፍቶ ወይም ነክቶ ከሆነ፣ ቦታ የማትይዝ ነፍስ እጄን እንዴት አድርጋ ታነሣዋለች?

ዴካርት መለሰላት፤ መልሱ ግን አላጠገባትም። በሚቀጥለው ወር እንደ ገና ጻፈችለትና፣ ግዙፍ ያልሆነ ነገር ግዙፉን አካል ማንቀሳቀስ ይችላል ከማለት ይልቅ ነፍስም ግዙፍ ናት ማለት እንደሚቀላት በግልጽ ነገረችው። በዚያን ጊዜ አንዲት ወጣት ለእንዲህ ያለ ሊቅ «አልገባኝም» ብላ ሁለተኛ መጻፏ ቀላል ነገር አልነበረም። ዴካርትም አልተቈጣም። እስኪሞት ድረስ፣ ይኸውም እስከ 1650፣ ይጻጻፉ ነበር፤ በ1644 ያሳተመውን የፍልስፍና መጽሐፍ ለእርሷ መታሰቢያ አደረገው፤ በ1649 ስለ ነፍስ ስሜቶች ያወጣውም መጽሐፍ ከእርሷ ጥያቄ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ የጥያቄዋን መልስ አላገኘላትም። ዛሬም ሊቃውንት በዚሁ ይከራከራሉ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን ከሁሉ ይልቅ የነካን ሌላ ነገር ነው። ዴካርት ከሞተ በኋላ ደብዳቤዎቹ ሲታተሙ ኤልሳቤጥ የእርሷ እንዲታተም አልፈቀደችም። የእርሷ ደብዳቤዎች የታተሙት በ1879 ነው። ስለዚህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሰው መልሱን እንጂ ጥያቄውን አያነብም ነበር። በፈተና ወረቀት ላይ መልስ ብቻ ተጽፎ ብናገኝ ምን ይረባናል? የእኛ ክበብ የእናትዮዋን ጥያቄ በቃላቸው እንዳለ፣ አንዲት ፊደል ሳይለውጥ በደብተሩ ላይ የጻፈው ይህን በማሰብ ነው።

ልጁ መድኃኒት ጀምሮ ከአንድ ወር በኋላ ወደ ክፍሉ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወድቋል። በሁለቱም ጊዜ ጓደኞቹ በጐኑ አስተኝተው ሰዓት ቈጥረዋል፤ ክብሪት የጠየቀ አልነበረም። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ የነበረው ተማሪም ወላጆቹ ስብሰባው ላይ ስለ ነበሩ ወደ ቀድሞው ወንበሩ ተመልሷል።

ጠያቂዋ አልተማርሁም ያሉ እናት፣ ተጠያቂው የተማሩ ሐኪም ናቸው። ነገሩ ተገልብጦ የተማረው ያልተማረውን ሲጠይቅስ? ለዚህ ከአገራችን የሚበልጥ ምሳሌ አላገኘንም።

በ1964 ዶክቶር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት በአድዋ አካባቢ ብልሃርዝያን ያጠኑ ነበር። ብልሃርዝያ የሚመጣው ከትል ነው። የትሉ ዕንቍላል ከሕመምተኛው ሰው ወጥቶ ወደ ወንዝ ሲገባ ይፈለፈላል፤ ከዚያ በውኃ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ያድጋል፤ ከቀንድ አውጣውም ወጥቶ በውኃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቈዳ በስቶ ይገባል። ልጆች እየዋኙ፣ ሴቶች እያጠቡ፣ ገበሬዎች መስኖ እየሠሩ ይይዛቸዋል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ቢሞት የትሉ መንገድ ይቋረጣል ማለት ነው።

አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲመላለሱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። እንዶድ ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ ሳሙና ሳይመጣ በፊት የአገራችን ሸማ የነጣው በእርሱ ነው። ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ሲመታ ዐረፋ ያወጣል። ብዙ የተማረ ሰው ይህን አይቶ ሊያልፍ ይችል ነበር። እርሳቸው ግን ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ለምነው፣ ሕያው ቀንድ አውጣ ካለበት ዕቃ ውስጥ የእንዶዱን ዐረፋ እንድትጨምርላቸው አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ትልቁ ምርምር የተጀመረው እንዲህ፣ በወንዝ ዳር፣ በአጣቢዋ እጅ ነው።

በ1966 በአዲስ አበባ፣ ያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው፣ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ወንዞች እንዶድ እየተጨመረ ሲጠና በሽታው በትንንሾቹ ልጆች ላይ እጅግ ቀነሰ። አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክቶር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። አክሊሉ በ1997 ዐርፈዋል።

እውነቱን ለመናገር እንዶድ በዓለም ሁሉ የታሰበለትን ያህል አልተስፋፋም። የውጭ አገር ድርጅቶች መርዛማ አለመሆኑ በነርሱ ላቦራቶሪ እስኪመረመር ብዙ ዓመት አለፈ፤ ዛሬ ለበሽታው በስፋት የሚታደለውም ፕራዚኳንቴል የሚባለው እንክብል ነው። መድኃኒት ከመታደሉ በፊት በጥንቃቄ ይመርመር መባሉን አንቃወምም፤ ሳይንስ ያለ ምርመራ አይሆንም። የሚያሳዝነን ግን ምርመራው ያለቀው በመጀመሪያው የአድዋ ሙከራ ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ካደጉ በኋላ መሆኑ ነው። ደግሞም በመጻሕፍት የሳይንቲስቶቹ ስም በክብር ተጽፎ ሳለ እነዚያ ሴቶች የሚጠቀሱት «አጣቢ ሴቶች» ተብለው ነው። ከእነርሱ መካከል በዚያ ወንዝ ዳር ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ያጠቡ ይኖራሉ። ስለ ወንዙ፣ ስለ እንዶዱ፣ ስለ ቀንድ አውጣውም ቀድሞ የጠየቃቸው ሰው ቢኖር ምን ይነግሩት ነበር ብለን በክበባችን አንድ ማታ ሙሉ ተከራክረናል። ግማሾቻችን ሁሉንም ያውቁ ነበር አሉ፤ ግማሾቻችን ደግሞ የሞተ ቀንድ አውጣ ማየትና ለምን ሞተ ብሎ ማሰብ ልዩ ልዩ ናቸው አሉ። ክርክሩ አልተቈረጠም፤ እናንተም ወላጆቻችን ብትጨምሩበት ደስ ይለናል።

እኛ በዚህ ወር መጨረሻ ፈተና ወስደን እንበታተናለን። የክበባችንን ደብተር ለሚተኩን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ዛሬ እናስረክባለን። በውስጡ 37 ጥያቄዎች አሉ፤ መልስ የተጻፈላቸው 22 ናቸው። የቀሩት 15 ባዶ ቦታ ተትቶላቸዋል። ከእነርሱ መካከል የንብ አናቢው አዛውንት የጨመሩልን አንድ ጥያቄ አለ፤ መንጋው ቀፎ ለቆ ሲወጣ የሚያርፍበትን ዛፍ ማን ይመርጥለታል የሚል ነው። ለዚህ መልስ የጻፉ ሊቃውንት እንዳሉ ሰምተናል፤ የሚቀጥሉት ልጆች ይፈልጉት።

የሚቀጥለው እንግዳ በጓሮዋ ልዩ ልዩ የጤፍና የገብስ ዘር ለይታ የምታስቀምጥ አንዲት ገበሬ ናት፤ ለመምጣት ቃል ሰጥታናለች። በዚያን ዕለት ወንበሮቹ እንዳለፈው ጊዜ አይደረደሩም። ወላጆች ከፊት ይቀመጣሉ፤ የጥያቄውም ተራ የሚጀምረው ከእነርሱ ነው።